48,000 ኪሎ ሜትር ብቻ የተነዳች የ2003 ኮሮላ ትታመናለች?

የተላከልኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «የመጀመሪያ መኪናዬን ልገዛ ነው። ደላላው የ2003 ኮሮላ አሳየኝ፣ ቆጣሪዋ 48,000 ኪሎ ሜትር ነው የሚለው። ባለቤቱ አሜሪካ ይኖራል፣ መኪናዋን እናቱ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው የሚጠቀሙባት አለኝ። ከሌሎቹ ኮሮላዎች 250 ሺህ ብር ትበልጣለች። እንደ አዲስ ስለሆነች ግን ምንም ወጪ የለባትም ተብያለሁ። ወንድሜ ቶሎ ያዣት እያለኝ ነው። ይታመናል? ካልታመነስ ብዙ ያልተነዳ የቆየ መኪና የት ይገኛል?»

ሒሳቡን እናስቀድም። መኪናዋ ከተሠራች ከ20 ዓመት በላይ ሆኗታል። 48,000ን ለ20 ስናካፍለው በዓመት 2,400 ኪሎ ሜትር ይመጣል፣ በቀን ስድስት ተኩል ገደማ። ከመስቀል አደባባይ ቦሌ አየር ማረፊያ ደርሶ ለመመለስ እንኳ አይበቃም። ሥራ ቦታው ከቤቱ 10 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ሰው በዓመት 300 ቀን ቢመላለስ፣ ሌላ የትም ሳይሄድ 6,000 ይሞላል፤ በ20 ዓመት 120,000። ይህ ማለት 48,000 የማይሆን ነገር ነው ማለት አይደለም። እንዲህ ያሉ መኪኖች አሉ፣ በእጄም አልፈዋል። ግን ታሪኩ ከወረቀት ጋር መምጣት አለበት፣ አንቺ ጋር እስካሁን የመጣው የደላላ ወሬ ብቻ ነው።

ደላላውን አንድ ጥያቄ ጠይቂው፦ መኪናዋ ኢትዮጵያ የገባችው መቼ ነው? እናትየው ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነዷት የሚለው የሚሸፍነው እዚህ ከገባች ወዲህ ያለውን ጊዜ ብቻ ነው። ብዙዎቹ የ2003 ኮሮላዎች የገቡት ያገለገሉ ሆነው፣ ሌላ አገር ለዓመታት ከተነዱ በኋላ ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ሹፌር በአማካይ በዓመት ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል። ስድስት ሰባት ዓመት እዚያ የቆየች መኪና እዚህ ስትደርስ 120 እና 140 ሺህ ውስጥ ብትሆን አያስገርምም። እናትየው የተናገሩት እውነት ሊሆን ይችላል፣ ቁጥሩ ግን እውነት ላይሆን ይችላል። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

አሁን ሰው የሚሳሳትበትን ላንሳ። «ዲጂታል ነው፣ አይነካም» የሚባለው ትክክል አይደለም። የዚያ ዘመን ቶዮታዎች ላይ ቁጥሩ በአብዛኛው ዳሽቦርዱ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ቺፕ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ መሣሪያውና ላፕቶፑ ያለው ሰው ከሻይ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይቀይረዋል። አዳዲስ መኪኖች ላይ ቁጥሩ በኤቢኤስ (የፍሬን መቆጣጠሪያ) እና በካምቢዮ ኮምፒውተር ውስጥም ስለሚመዘገብ በምርመራ መሣሪያ ማወዳደር ይቻላል። የ2003 ኮሮላ ላይ ግን በመሣሪያ ብቻ ብዙ ተስፋ አታድርጊ።

ዝቅተኛ ቁጥር ሁሉ ማታለል ነው ማለቴም አይደለም። የዚያን ጊዜ አንዳንድ ኮሮላዎች ቆጣሪያቸው 299,999 ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ባለቤቱ ሌላ ያገለገለ ዳሽቦርድ ገዝቶ ያስገባል፣ አዲሱ ዳሽቦርድ ደግሞ የራሱን ቁጥር ይዞ ይመጣል። ሦስት መቶ ሺህ የሄደች መኪና በአንድ ቀን ስልሳ ሺህ ሆነች ማለት ነው፣ ማንም ክፉ ሳያስብ። በቀኝ መሪ ተሠርተው ዱባይ አካባቢ መሪያቸው ወደ ግራ የተዞረላቸው መኪኖችም አሉ። መሪ ሲዞር ዳሽቦርዱ በሙሉ ይወርዳል፣ ያኔ የቆጣሪው ቁጥር መኪናዋን መወከሉን ማንም እርግጠኛ ሊሆን አይችልም። የማይል ነገርም አለ። ከአሜሪካ የመጣች መኪና የምትቆጥረው በማይል ነው። 48,000 ማይል ከሆነ 77,000 ኪሎ ሜትር አለፈ። ፍጥነት መለኪያዋን ተመልከቺ፣ ትላልቆቹ ቁጥሮች ማይል ከሆኑ ደላላው «ኪሎ ሜትር» ያለሽ አንድም ሳያውቅ ነው፣ አንድም እያወቀ።

ይህ ነገር የእኛ አገር ብቻ አመል አይደለም። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት እዚያ በዓመት ከ450,000 በላይ መኪኖች በሐሰተኛ ቁጥር እንደሚሸጡ ይገምታል። የአውሮፓ ፓርላማ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ ላይ ደግሞ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ተሻግረው ከሚሸጡ ያገለገሉ መኪኖች ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት ቁጥራቸው እንደተነካ ተጠቅሷል። ልብ በይ፣ ተሻግረው ከሚሸጡት። እኛ ጋር የሚደርሰው መኪና ደግሞ ተሻግሮ የሚመጣ ነው። በዚያ ላይ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖች ላይ ታክሱን እስከ 500 በመቶ አደረሰው፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው መኪና እየተወደደ ሲሄድ ቆጣሪ ላይ የሚገኘው ትርፍም አብሮ ያድጋል። አንቺ ላይ የተጫነው 250 ሺህ ብር ለቆጣሪው ብቻ የተጠየቀ ገንዘብ ነው።

ታዲያ እንዴት ይጣራል? ከሻንሲ ቁጥሩ ጀምሪ። ሊብሬው ላይ ያለውን ከመኪናዋ አካል ላይ ከተመታው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሪ፣ ከዚያ ፎቶ አንሺው። በ1 የሚጀምር ከሆነ አሜሪካ የተሠራች ናት፣ በ2 ከሆነ ካናዳ፣ በጄ (J) ከሆነ ጃፓን፣ በኤስቢ1 (SB1) ከሆነ እንግሊዝ፣ በኤንኤምቲ (NMT) ከሆነ ቱርክ። ቁጥሩ በ1 ጀምሮ ፍጥነት መለኪያው ኪሎ ሜትር ብቻ ካሳየ ዳሽቦርዱ ከሌላ መኪና የመጣ ሊሆን ስለሚችል ለምን እንደዚያ እንደሆነ ማብራሪያ ጠይቂ። አሜሪካ የነበረች ከሆነች እዚያ ያለ ዘመድ በሻንሲ ቁጥሯ የታሪክ ሪፖርት ሊያወጣልሽ ይችላል። በሽያጭ፣ በምርመራና በስም ዝውውር ወቅት የተመዘገቡ የማይል ቁጥሮች ከነቀናቸው ይወጣሉ። በአሥሮች በሚቆጠር ዶላር የሚገኝ ወረቀት ነው፣ 250 ሺህ ብር ያድንልሻል። ከቤልጂየም የመጣች ከሆነች ደግሞ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያንዳንዱ ጋራዥ ኪሎ ሜትር የሚያስመዘግብበት ካር ፓስ የሚባል ሥርዓት አላቸው፣ ሻጩ ዋናውን ሰነድ አስቀምጦ እንደሆነ ጠይቂ። ባለቤቱ እውነት አሜሪካ የሚኖር ከሆነና መኪናዋን ራሱ ልኳት ከሆነ ይህ ሁሉ ወረቀት እጁ ላይ ሊኖር ይገባል። አንድ የስልክ ጥሪ ነው። ከደላላው ጋር ሳይሆን ከእሱ ጋር በቀጥታ ተነጋገሪ።

ከወረቀት ቀጥሎ መኪናዋ ራሷ ትናገራለች። አንድ ቀን «39,000 የሄደች» የተባለች ቪትዝ እንድመረምርላቸው ገዢዎች ይዘውልኝ መጡ። መቀመጫው አዲስ ልብስ ለብሷል፣ መሪው ላይ ሽፋን ተሰፍቷል፣ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ አዲስ ነው፣ ጥርሱ እንኳ አልተነካም። ጎንበስ ብዬ ያንን ጎማ ከፔዳሉ ላይ ገፈፍኩት። ከሥሩ ያለው ብረት በአንድ ጎን ተልጦ አብለጭልጯል። ይህ የሚሆነው የመጀመሪያው ጎማ አልቆ ጫማ በባዶ ብረት ላይ ለረጅም ጊዜ ሲረግጥ ነው። ከዚያ የሹፌሩን ቀበቶ እስከ መጨረሻው ስቤ ለቀቅኩት። ተንጠልጥሎ ቀረ፣ ጠርዙም ጸጉር አውጥቷል። የኋላውን ቀበቶ ስስበው ግን ቱር ብሎ ተመለሰ። 39,000 ኪሎ ሜትር የሄደች መኪና የፔዳል ጎማ አትጨርስም። አንቺም አዲስ ነገር ስታዪ አትደሰቺ። ለምን እንደተቀየረ ጠይቂ። የመሪውን ሽፋን አስወልቂና ከሥር ያለውን ቆዳ ተመልከቺ፣ ማርሹ ላይ ያለው ጽሑፍ ጠፍቶ እንደሆነ እዪ፣ የሹፌሩን መቀመጫ መግቢያ ጎን ዳብሺው፣ ዳሽቦርዱን የያዙት ቡሎኖች የመፍቻ ጭረት እንዳለባቸው በስልክ መብራት ተመልከቺ። ከነዚህ አንዱ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ሦስት አራቱ አንድ ላይ ሲመጡ ግን ከሻጩ ጋር መከራከር አያስፈልግም፣ ጥሎ መሄድ ነው።

እሺ፣ ቁጥሩ እውነት ሆኖ ተገኘ እንበል። «እንደ አዲስ ናት፣ ወጪ የለባትም» የሚለው አሁንም ልክ አይደለም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። መኪና በመንገድ ያልቃል፣ በዕድሜም ያልቃል። ጎማ፣ ጎሚኒ (ትናንሾቹ የላስቲክ ክፍሎች)፣ የራዲያተር ቱቦና የዘይት መከላከያ ላስቲክ መኪናዋ ቆማም ይደርቃሉ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ገደማ መቀየር አለበት፣ ብትነዳም ባትነዳም። ለረጅም ጊዜ የቆመ ቤንዚን ይበላሻል፣ ታንከሩን ከውስጥ ያዝጋል። በአጭር በአጭሩ የምትነዳ መኪና ሞተሯ በደንብ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ ውሃና ቤንዚን ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። በዓመት 2,400 ኪሎ ሜትር የሄደች መኪና ባለቤት «5,000 ሳይሞላ ዘይት አልቀይርም» ብሎ ከነበረ አንድ ዘይት ሁለት ዓመት ውስጧ ቆይቷል ማለት ነው። የዚያ ዘመን 1.8 ሞተር፣ መካኒኮች 1ዜድዜድ የሚሉት፣ ዘይት በመብላት ስለሚታወቅ እንዲህ ያለው አያያዝ ይበልጥ ይጎዳዋል።

ጡረታ የወጡ አንድ መምህር የነበሩ ሰው መኪና አስታውሳለሁ። 61,000 ኪሎ ሜትር፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ በእሳቸው ስም ያለች፣ እያንዳንዱ የዘይት ቅያሪ ከነቀኑ በደብተር ተጽፎ የተቀመጠላት። ቁጥሩ ላይ ጥርጣሬ አልነበረኝም፣ ለገዢውም ግዛ አልኩት። ጎሚኒዎቹንና የራዲያተሩን ቱቦዎች ሳትቀይር ሩቅ አትሂድባት ብዬም ነግሬው ነበር። «61 ሺህ ብቻ የሄደች መኪና ምን ይቀየርላታል» ብሎ ተወው። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ጎጃም ሲሄድ ዓባይ በረሃ ውስጥ የላይኛው ቱቦ ፈነዳ፣ ሙቀት መለኪያውን ሳያይ ነዳ፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተጣመመ። የቱቦው ዋጋ ከሞተሩ ሥራ ጋር አይወዳደርም። በጣም ያሳዘነኝ ነገር ነው፣ እንደዚያች ዓይነት ንጹሕ መኪና በቀላሉ አትገኝም።

ጎማዋን ስታዪ ጥርሱን ብቻ አትመልከቺ። ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 2314 ቢል በ2014 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ከ10 ዓመት ያለፈ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም አይነዳም፣ ይቀየራል።

የ2003 ኮሮላን በተለይ የሚመለከት ሌላ ጉዳይ አለ፣ ከኪሎ ሜትሩ ሁሉ ይህ ይበልጥ ያሳስበኛል። ታካታ የሚባለው የጃፓን ድርጅት የሠራቸው የኤርባግ ማፈንጃዎች በሙቀት፣ በእርጥበትና በዕድሜ ብዛት ይበላሻሉ፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ የብረት ስብርባሪ ወደ ሹፌሩ ወይም ወደ ተሳፋሪው ሊወረውሩ ይችላሉ። ሰው ገድለዋል። ቶዮታ በጃንዋሪ 2024 አሜሪካ ውስጥ ያሉ ወደ 50,000 የሚጠጉ መኪኖች ባለቤቶች እስኪጠገን ድረስ ጭራሽ እንዳይነዱ አሳስቧል፣ ከመካከላቸው የ2003 እና የ2004 ኮሮላ ይገኛሉ። ቆማ የኖረች መኪና ከዚህ አታመልጥም፣ የሚያበላሸው ዓመቱ ነውና። ያንቺ ኮሮላ ውስጥ መኖር አለመኖሩ የሚታወቀው በሻንሲ ቁጥሯ ነው። ከአሜሪካ የመጣች ከሆነች የአሜሪካው የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይታያል፣ ካልሆነች ቁጥሩን ይዘሽ የቶዮታ ወኪል የሆነውን ሞኤንኮን ጠይቂ። ይህ ሳይጣራ ቀብድ አትክፈዪ።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ አዲስ አበባ። ሞተር የሚደክመው በሠራበት ሰዓት ጭምር ነው። 50,000 ኪሎ ሜትር በመጨናነቅ ውስጥ በሰዓት 15 እየተጓዘ ከተነዳ ከ3,300 ሰዓት በላይ ነው። በዚያው ሰዓት አገር አቋራጭ የሚሄድ መኪና በ60 ቢነዳ 200,000 ይሞላ ነበር። ፍሪሲዮኑና ፍሬኑማ ከተማ ውስጥ ይብሳሉ። ስለዚህ ደብተር ያላት፣ ዘይቷ በጊዜው የተቀየረላት 140,000 የሄደች ኮሮላ፣ ወረቀት ከሌላት የ48,000 ኮሮላ ትበልጥብኛለች። ሁለቱን አቅርበውልኝ ምረጥ ቢሉኝ ለአፍታ አላመነታም።

የት ይገኛሉ ላልሽው፣ እውነተኛዎቹ በደላላ በኩል ብዙም አይመጡም። የሚገኙት ቤት ውስጥ ነው። ጡረተኞች መንዳት ሲያቆሙ፣ ወራሾች ንብረት ሲከፋፈሉ፣ ውጭ የሚኖር ሰው ለክረምት እረፍት ሲመጣ የሚነዳትን፣ ዓመቱን ሙሉ ግቢ ውስጥ የምትቆም መኪና ለመሸጥ ሲወስን። እነዚህን ሰዎች ቀድሞ የሚያውቃቸው የሰፈሩ መካኒክና ጎሚስታ ነው። ቆማ የምትኖር መኪና ባትሪዋ ይሞታል፣ ጎማዋ ይተነፍሳል፣ ስለዚህ ይጠራሉ። በቆዩ ሰፈሮች፣ ቦሌ፣ ኦሎምፒያ፣ ሳር ቤት አካባቢ ለሚሠሩ ሁለት ሦስት ጎሚስታዎች ስልክሽን ሰጥተሽ «ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ ሰው የያዛት» ብለሽ ንገሪያቸው። ይህ አነጋገር «ትንሽ የተነዳች» ከሚለው ይሻላል፣ ምክንያቱም አንድ ባለቤት መሆኑ ሊብሬ ላይ ይታያል። ሌላው በር ጨረታ ነው። ኤምባሲዎች፣ ዓለም አቀፍ ድርጅቶችና ባንኮች መኪና ሲያስወግዱ አዲስ ዘመንና ሪፖርተር ላይ ያወጣሉ። የድርጅት መኪና የጥገና መዝገብ ስላለው ቁጥሩ በተሻለ ይታመናል፣ ብዙውን ጊዜ ግን ብዙ የተነዳ ነው። ከቀረጥ ነጻ የገባ ከሆነ ቀረጡን ማን እንደሚከፍል ማስታወቂያው ላይ ለይተሽ አንብቢ፣ በዚህ የተነደፉ ሰዎች አውቃለሁ።

የወራሽ መኪና ስትገዢ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ይኑር፣ ወራሾቹም በሙሉ ይፈርሙ። የውጭ ነዋሪ ከሆነ ውክልናው መሸጥን በግልጽ የሚጠቅስና በሰነዶች ማረጋገጫ የተረጋገጠ መሆን አለበት፣ «ለማስተዳደር» ብቻ የሚል ውክልና አይበቃሽም። ዕዳና እገዳ መኖሩን መኪናዋ የተመዘገበችበት መንገድ ትራንስፖርት ሄደሽ አጣሪ። አንቺ ያየሻት መኪና የእናትየው ከሆነች ሊብሬው ላይ ያለው ስም የማን ነው? ይህንንም ጠይቂ።

ለጥያቄሽ ቁርጥ ያለ መልሴ ይህ ነው። ባለቤቱ በስልክ ተገኝቶ፣ የገባችበትን ወረቀትና የሻንሲ ታሪኳን አሳይቶሽ፣ ቁጥሮቹም እየጨመሩ የመጡ ከሆነ፣ ግዢያት። ያኔም 250 ሺህ አትጨምሪ። ጎማ፣ ባትሪ፣ ቱቦዎች፣ ጎሚኒ፣ የፍሬን ዘይት፣ የራዲያተር ውሃ፣ የካምቢዮ ዘይት በአንድ ጊዜ እንዲቀየሩ መካኒክሽ ዋጋ ያውጣ፣ ያንን ከተጠየቀው ጭማሪ ላይ አስቀንሺ። ወረቀቱ ካልመጣ እንደማንኛውም የ2003 ኮሮላ ቁጠሪያት፣ ለቁጥሩ አንድ ብር አትክፈዪ፣ እነሱ በዚያ ካልተስማሙ ተያት። ደላላው «ሌላ ገዢ እየጠበቀ ነው» ካለሽ ይግዛት። ወንድምሽም አይቸኩል።

ለማየት ስትሄጂ ራስሽ የመረጥሽውን መካኒክ ይዘሽ በጠዋት ሂጂ፣ መኪናዋን ካቆሙበት እንዳያንቀሳቅሷት ቀድመሽ ንገሪያቸው። ስትደርሺ መጀመሪያ እጅሽን ኮፈኑ ላይ አድርጊ። ሞቆ ካገኘሽው አስነስተው አሙቀዋታል፣ ሌላ ቀን ቅጠሪያቸው። ቀዝቃዛ ከሆነ አንቺ ከኋላ ቆመሽ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) እያየሽ መካኒክሽ ያስነሳት። በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት እየበላች ነው፣ ቆጣሪው የፈለገውን ቢል።